ለመፀው ብርድ ግጥም የሚሆን ደብተር፣ እርሳስና የቤት ልክ

ፍርዱን እናስቀድም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በወሎ ደጋ ማልዶ ወጥቶ አጭር የተፈጥሮ ግጥም ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ዕቃ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና ግማሹ ያለቀ 2ቢ እርሳስ ነው። ከቤት ልኮች፣ ማለትም ከስንኝ መለኪያዎች፣ ደግሞ በስንኝ አምስትና አምስት የሚቆጠረው ሰንጎ መገን። ባለ ቆዳ ሽፋን ማስታወሻ፣ ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ ስልክ፣ እንዲሁም አምስት፣ ሰባት፣ አምስት የሚቆጠረው የጃፓኖቹ ሃይኩ ከእነዚህ በታች የተቀመጡት በምክንያት ነው።

መጀመሪያ ወቅቱ ይጥራ፤ ዕቃ የሚመዘነው በሚሠራበት አየር ነውና። በባሕረ ሐሳቡ መፀው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። እስከ ኅዳር 5 ያሉት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ አበባው ገና አለ፣ ሌሊቱ ግን መቀዝቀዝ ጀምሯል። የተተረጎመ ግጥም እያነበበ የሚጀምር ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መዝገበ ቃላት የፈረንጁን የቅጠል መርገፊያ ወቅት አንዴ «በልግ»፣ አንዴ «መኸር» ይለዋል፤ በረዶ የሚያለብሳቸውን ወቅት ደግሞ «ክረምት»። ወሎ ውስጥ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብና በእርሱ የሚበቅለው እህል ነው፤ ክረምትም ጭቃና ጎርፍ እንጂ ውርጭ አይደለም። «የበልግ ቅጠል ረገፈ፣ ብርዱም ገባ» የሚል ስንኝ ለደላንታ ገበሬ ቢነበብለት የትኛው አገር እንደሆነ ይጠይቃል። ቅጠሉስ ቢሆን? ጽዱና ወይራው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ቅጠላቸውን የሚጥሉትም በአብዛኛው ድርቀቱ ነው የሚያራግፋቸው፤ ብርዱ አይደለም።

የብርዱ አመጣጥም ለዕቃ ምርጫ ያስፈልጋል። ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ የሚመልስላት ደመና የለም። ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ የሚፈልግ ሰው ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ከሚቆም ይልቅ ከተዳፋቱ ሥር ባለው መስክ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ከሁሉ የሚበርደው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። የሥራው ሰዓት እንግዲህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ፀሐይ ከነካችው በኋላ ውርጩ ውሃ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጣት ይቆፈናል፣ ወረቀት ይረጥባል። ዕቃ የሚፈተነው በዚህ ነው።

ወደ ደብተሩ እንምጣ። ባለ ካሬው የተመረጠው ለብርዱ ሲባል ሳይሆን ለቆጠራው ነው። የአማርኛ ግጥም ልክ የሚቆጠረው በቀለም ነው፤ ቀለም ስንል አንድ ጊዜ የሚነገር ድምፅ ማለታችን ነው። ፊደሉን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ራሱን ችሎ አይቆጠርምና። «ብርድ» ሦስት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን አንድ። «ውርጭ»ም እንዲሁ። «ጤዛ» ሁለት ፊደል፣ ሁለት ቀለም። ባለ ካሬ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም ቦታ ሰጥቶ፣ ድምፅ አልባውን ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር አብሮ ማስፈር ይቻላል። ስንኙ የት እንደጎደለ፣ የት እንደተረፈ ዓይን ራሱ ያየዋል፤ በጣት መቁጠር ይቀራል። ጣቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ለቆጠራም አይታዘዝም።

ጣጣ አለው። የተለመደው ካሬ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ «ውርጭ»ን የመሰለ ሦስት ፊደል እዚያ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ማንበብ አይቻልም። መፍትሔው ለአንድ ቀለም ሁለት ካሬ መስጠት ነው። እንዲህ ሲሆን የገጹ ስፋት ወሳኝ ይሆናል። የተማሪ ደብተር የሚያህለው ኤ5 ገጽ 148 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ 29 ካሬ ይይዛል። የሰንጎ መገን አንድ ስንኝ 10 ቀለም ነው፤ 20 ካሬና ስንኙ መሐል ትንፋሽ ለሚወሰድበት ማረፊያ 2 ካሬ፣ በድምሩ 22። የወል ቤትም 12 ቀለም ሆኖ 26 ካሬ ይበቃዋል። በኪስ የሚገባው ኤ6 ግን 21 ካሬ ብቻ ስላለው ሙሉ ስንኝ አይችልም፤ ግማሹን ሐረግ በአንድ መስመር፣ ግማሹን በሚቀጥለው መጻፍ ግድ ይላል። ይህም ቢሆን አይከፋም፤ እንዲያውም ማረፊያው የት እንደሆነ ለጀማሪ ያሳያል። ቢሆንም ኪሱ ሰፊ ካፖርት ያለው ሰው ኤ5ን ይውሰድ።

ስለ ጥራዙ። በሽቦ የተጠማዘዘው ደብተር ገጹ እንደልብ ስለሚገለበጥ መደብር ውስጥ ያማልላል። ከጋቢ ጋር ግን አይስማማም። የሽቦው ጫፍ የጋቢውን ክር ይስባል፤ ሁለት ጠዋት ከተያዘ በጋቢው ጥለት ላይ ያስታውቃል። መሐሉ በስፌት ወይም በሁለት ስቴፕል የተያዘው ተራ ደብተር ይሻላል። 32 ሉክ ይበቃል፤ 50 ሉኩ በአንድ እጅ ሲያዝ ይታጠፋል። የካርቶን ሽፋኑ ጤዛ ሲነካው ስለሚቆለመም፣ ተማሪዎች የሚያለብሱት ዓይነት ላስቲክ ሽፋን ይልበስ። ይህ ሽፋን ሳር ላይ ሲያስቀምጡትም ያገለግላል። ባለ ቆዳ ሽፋኑ ማስታወሻ ለስጦታ ያምራል፤ ረጥቦ ሲደርቅ ግን ይጠነክራል፣ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ ካሬ የለውም።

መጻፊያው ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ያው የለመደውን እስክሪብቶ ነው። ቤት ውስጥ እንከን የለውም። ውርጭ ላይ ግን ቀለሙ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጥይት አትዞርም፣ ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ አይጽፍም። ብብት ሥር ሁለት ደቂቃ ቢያሞቁት ይመለሳል፤ ችግሩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጻፈው ነገር ማለፉ ነው። በረጠበ ወረቀት ላይ ደግሞ ሙቀቱም አያድነው፤ ጥይቷ ትንሸራተታለች። ወደ ላይ አቅንቶ መጻፍም አይሆንም፤ ቀለሙ የሚወርደው በክብደቱ ነውና። ጄል የሚባለው በብርድ ከተራው ይሻላል፣ ግን ቶሎ ስለማይደርቅ አንዲት የጤዛ ጠብታ ስንኙን ሰማያዊ ኩሬ ታደርገዋለች።

ቀለም የሚሞላው ብዕር ወሎ ላይ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ሽቅብ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል፣ በብዕሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ የታሰረው አየር ይሰፋል፣ ቀለሙን ገፍቶ በክዳኑ ውስጥ ያፈስሰዋል። መንገዱ ጠመዝማዛ ሆኖ ብዕሩ በኪስ ውስጥ ከተኛ ባሰ። የግድ እርሱ ነው የምወደው ለሚል፦ ወይ ጢም ብሎ ይሞላ ወይ ባዶውን ይጓዝ፣ ጫፉም ወደ ላይ ይሁን። በግማሽ የተሞላው ነው የሚያፈስሰው።

እርሳስ ብርድ አያውቅም። ትንሽ የረጠበ ወረቀትም ይችላል። ኤችቢው ግን ደረቅ ስለሆነ የረጠበውን ገጽ ይቀደዋል፤ 2ቢ ለስለስ ብሎ በቀላል ግፊት ይጽፋል፣ ለቆፈነ ጣትም የሚፈለገው ይህ ነው። ጉድለቱ መቀባቱ ነው፤ ፊት ለፊት ያሉት ገጾች እየተሻሹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ አመድ ይመስላል። ስለዚህ በቀኙ ገጽ ብቻ ይጻፍ፣ ግራው ቤት ተመልሰው ለሚያርሙበት ይቆይ። ግማሹ ያለቀ እርሳስ የተመረጠው በኪስ ውስጥ ስለማይሰበርና በመዳፍ ውስጥ ስለሚያዝ ነው። በቢላ የተቀረጸ ረዥም ጫፍ ያምራል፣ ቶሎ ይሰበራል፤ በመቅረጫ አጠር አድርጎ መቅረጽ ይሻላል። ሁለት ይያዝ። ላጲስ ግን አያስፈልግም፦ የረጠበ ወረቀት በላጲስ ይላጣል፤ ደግሞም የተሰረዘው ቃል ብዙ ጊዜ ከተተካው ይበልጣል፣ ስለዚህ በአንድ ሰረዝ አልፎ እንዲነበብ መተው ነው። ሁለቱንም፣ ደብተሩንም እርሳሱንም፣ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወይም ከሙጋድ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ማግኘት ይቻላል። ባለ ካሬ ሲሉ አንዳንዴ ባለ መስመሩን ያቀብላሉ፤ ገልጦ ማየት ነው።

አሁን ወደማይገዛው ዕቃ፤ ክርክሩም እዚህ ነው።

ሃይኩ ወደ አማርኛ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ብቻ ነው የገባው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። በአገሩ ግን ቁጥሩ ከሦስት ምሰሶ አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የወቅት ቃል ነው፣ ሦስተኛው ግጥሙን ለሁለት የሚሰነጥቅ መቁረጫ። ወቅት ቃሎቻቸው በመዝገብ የተደለደሉ ናቸው፤ የመፀዋቸው መጨረሻ ብርድ ብቻውን «አሳሳሙ» የጠዋት ብርድ፣ «ዮሳሙ» የሌሊት ብርድ፣ «ሃዳሳሙ» ቆዳ የሚነካ ብርድ እየተባለ ይከፈላል። ጤዛና ጉም ለመፀው ይመደባሉ፤ ውርጭ ለሚቀጥለው ወቅት። በባህላዊ አቆጣጠራቸው ያ ወቅት የሚጀምረው በእኛ ጥቅምት 28 ገደማ ነው። ድምፅ አቆጣጠራቸውም ከእኛ ይለያል፤ ብቻዋን የቆመች የ«ን» ድምፅ እንኳን እንደ አንድ ትቆጠራለች። እኛ ዘንድ ያ ሳድስ አይቆጠርም። ስለዚህ ፊደል ቆጥሮ 17 ያደረሰ ሰውና ቀለም ቆጥሮ 17 ያደረሰ ሰው ሁለት የተለያየ ግጥም ነው የጻፉት።

ለምሳሌ ይህ፦

ኅዳር ሲነጋ፤
በሬው ሲተነፍስ ጭስ
ካፉ ወጣበት።

በቀለም 5፣ 7፣ 5 ነው፤ 17። በፊደል ከተቆጠረ 6፣ 10፣ 6 ሆኖ 22 ይደርሳል። ቁጥሩ ሞልቷል፣ ጆሮ ግን አልሞላም። «ጭስ» ለሰባቱ ሲባል ከ«ካፉ» ተለይታ መስመር መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላለች። የአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሦስተኛው አጭር መስመር ሁልጊዜ የግስ ማስቀመጫ ይሆናል፤ በጃፓንኛው ያለው ድንገተኛ መቁረጥ ይጠፋል። ሌላም ሳንካ አለ፦ «ኅዳር» ብቻውን ሁለት ቀለም ነው፣ «የኅዳር» ሲሆን ግን እንደ ተናጋሪው ሁለትም ሦስትም ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል መስመሩ መግቢያ ላይ ካለ ቆጠራው አያስማማም፤ «ኅዳር ሲነጋ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ያንኑ በሬ በሰንጎ መገን፣ አምስትና አምስት፦

ኅዳር ሲነጋ ቁሩ ደረሰ፤
በሬውም ካፉ ጭስ ተነፈሰ።

20 ቀለም ነው፤ ከሃይኩው የሚበልጠው በሦስት ብቻ። ሁለተኛው ስንኝ ሳይሰበር ይነገራል፤ ማረፊያውም «ካፉ» ላይ ሲወድቅ ጆሮ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል፣ ጭሱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። «ቁሩ ደረሰ» የመጣው ለቤት መምቻው ነው፤ ትንፋሹ ጭስ መሆኑ ብርዱን ተናግሮ ሳለ ስሙን መጥራት ትርፍ ነው። የሰንጎ መገን ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፣ ከሃይኩ የሚያንስበትም። መድኃኒቱ ሁለተኛውን ስንኝ አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ሌላ የታየ ነገር መፈለግ ነው፦

ያደይ አበባ ቢጫው አለቀ፤
እረኛው ጋቢ ደርቦ ታጠቀ።

ብርድ የሚል ቃል የለበትም። በሁለቱ ስንኞች መካከል «ስለዚህ» አልተባለም፤ አበባውና ጋቢው ጎን ለጎን ቆመዋል። ጃፓኖቹ በመቁረጫ ቃል የሚያገኙትን እኛ በስንኝ መለያያው ላይ ልናገኘው እንችላለን።

የወል ቤት፣ ስድስትና ስድስት፣ ሰፋ ይላል። ለጉምና ለተራራ፣ ቀስ ብሎ ለሚንቀሳቀስ ነገር ይሆናል፦

ጉሙ ከቦርከና ሽቅብ እየወጣ፣
ጦሳን ሸፈነና አዛን ብቻ መጣ።

ብዙ ጊዜ ግን ስድስተኛው ቀለም የሚሞላው በ«ና»፣ በ«ም»፣ በ«እኮ» ነው፤ እዚህም «ሸፈነና» ላይ ያለችው «ና» ከሥራዋ ይልቅ ለልኩ የመጣች ትመስላለች። ልኩን ለመፈተን በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ማንጎራጎር ይረዳል። ቀለም የጎደለበት ቦታ ላይ ድምፅ ይጎተታል፣ የተረፈበት ላይ ይሮጣል፤ ካሬው ያልያዘውን ጉሮሮ ይይዘዋል።

ቡሄ በሉ፣ አራትና አራት፣ ለውርጭ ይስማማል፦

ጤዛው ነጥቶ ሜዳው ሰፋ፤
ባቄላዬ አንገት ደፋ።

16 ቀለም ብቻ ነው፤ ከሃይኩ እንኳ ያንሳል። ጭፈራ ስለሚመስል ለሐዘን አይሆንም የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ውርጭ የመታው ባቄላ ጠዋት ላይ የሚታየው ልክ እንዲህ ነው፤ ማታ የቆመው ማለዳ ተጎንብሶ። አጭሩ ልክ ለሐተታ ቦታ ስለማይሰጥ ዘፈን ቢመስልም ነገሩ ይቆረቁራል።

ቅኔስ? ዋድላ የቅኔ አገር ስለሆነ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃናም ስላለ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። አጠር ያለ ልክን ለመማር ከጉባኤ ቃና የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም። ለዚህ ሥራ ግን ሰምና ወርቁ ያስቸግራል። ኅብረ ቃሉ፣ ሁለት ፍች ያዘለው ቃል፣ አንባቢውን ከነገሩ ወደ ብልሃቱ ይወስደዋል፤ ውርጩ ሰም ሆኖ ይቀልጥና የሚቀረው ሌላ ወርቅ ነው። ውርጩ ውርጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ሰሙን ብቻ ይጻፍ።

አጠቃቀሙን በአጭሩ። ረባዳው ዳር ሲደርሱ ሦስት ደቂቃ ብቻ፦ የታየው ነገር ስሙ፣ የነበረበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ ያደረገው አንድ ነገር። «ውብ»፣ «አስደናቂ»፣ «ደማቅ» አይጻፉ። ልክም አይቆጠር፤ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ማየቱን ያቆማል። ቆጠራው ቡና ላይ ነው፣ ጣት ሲሞቅ። ቤት መምቻው የመጣው ከግስ ጅራት ብቻ ከሆነ፣ «በርዷል» ከ«ነግቷል»፣ ይጣል፤ ጆሮ የሚሰማው ሰዋስው ብቻ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ከሁለቱ ስንኞች አንዱ ያለ ሌላው መቆም ከቻለ ሌላው ገና አልተጻፈም።

የወቅት ቃል ዝርዝር ከደብተሩ ጀርባ ቢያዝ ይጠቅማል፤ በወር ብቻ ሳይሆን በከፍታም ይከፈል። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ኅዳር አንድ አይደለም። ኮምቦልቻና ባቲ በኩል ኅዳር ማሽላ፣ ማማ፣ ወንጭፍና ወፍ ነው። ደሴና ኩታበር ላይ ጤዛ፣ ነዶ፣ ጋቢ፣ የኅዳር 12 የቆሻሻ ጭስ። ከዚያ በላይ አመዳይ፣ የጓሳ ሣር፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል። በልግ አብቃይ በሆኑት ደጋዎች ደግሞ ዋናው እህል የሚገባው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ «የኅዳር ወርቃማ ገብስ» ብሎ ከመጻፍ በፊት ማሳውን ማየት ይገባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ግጥሙን ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ስልኩን መጨረሻ ላይ ያመጣነው ብዙ ስለሌለው ነው። ጤዛ የነካው መስታወት ያልተጫኑትን ፊደል ይጽፋል፣ ጓንት ያደረገ ጣት አያውቅም፣ ባትሪው በብርድ ለጊዜው አቅሙን ያጣል፤ ከንጋት በፊት ከተከፈተ ብርሃኑ ዓይንን አሳውሮ ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለአንድ ነገር ግን ከደብተሩ ይበልጣል። ድምፅ መቅጃውን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ፣ ስንኙን ተናግሮ መዝጋት። «የኅዳር» ሁለት ቀለም ነው ወይስ ሦስት የሚለውን ክርክር የሚዳኘው እርሱ ነው፤ ጠዋት በቆፈነ አፍ የተነገረውና ከሰዓት በኋላ የሚነበበው አንዳንዴ በአንድ ቀለም ይለያያሉ።